ሞኝነት ይመስገን

ብልህ ሰው የተመለሰለትን ዝርዝር ቆጥሮ ኪሱ ይከታል። ሞኝ ቆሞ ያየዋል። ከኋላው ሰው ተሰልፎ እየጠበቀ ሳንቲሙን ወደ መብራቱ ያዞራል፤ ዓመተ ምህረቱን ያነባል፤ ጠርዙን በጥፍሩ ይዳብሳል፤ ካልጠገበም አጉሊ መነጽር ያወጣል። ይህን ሰው ዘመዶቹ ይመክሩታል፣ ባለሱቁ ያጣድፈዋል፣ ሚስቱ ትታዘበዋለች። እኔ ላመሰግነው ነው የተነሳሁት፤ የማመሰግነውም ከልቤ ነው። ገንዘብ የሚወድ ሰው ሞልቷል፤ ገንዘቡን ቀርቦ የሚያይ ግን ከሞኞች ሌላ አላገኘሁም።

ነገሩ ሥር የሰደደው አሜሪካ ውስጥ ነው። እዚያ የፋብሪካ ስህተት ያለበት ሳንቲም ፈላጊው ብዙ፣ ገበያው የደራ ነው። እኛም ከነገሩ ሩቅ አይደለንም፤ በዋሽንግተንና በዙሪያዋ የአገራችን ሰው በፓርኪንግ፣ በታክሲና በሱቅ ስንት ዘመን ዝርዝር ሲቀበልና ሲመልስ ኖሯል። በዚያ ሁሉ እጅ ምን ምን እንዳለፈ የሚያውቀው ያየ ብቻ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ታላቅ ይቅደምና ምስጋናው ከመንግሥት ሞኝነት ይጀምር። በ1955 በፊላደልፊያው የሳንቲም ፋብሪካ አንድ ማተሚያ ብረት ተበላሽቶ ተሠራ። ማተሚያው ሥዕሉንና ፊደሉን የሚያገኘው ከሌላ፣ ቅርጹን ከያዘ ብረት ጋር በከባድ ኃይል ተጨምቆ ነው። በዚያን ጊዜ አንድ ጭመቃ አይበቃም ነበር፤ ብረቱ ሲጨመቅ ይጠነክራል፣ በእሳት ይለሰልሳል፣ ተመልሶ ይጨመቃል። ሁለተኛው ጭመቃ በመጀመሪያው ላይ በትክክል ካላረፈ ፊደሉም ቁጥሩም ድርብ ሆኖ ይቀራል። ያ ማተሚያ እንዲህ ሆነ፤ ፔኒዎቹም፣ የአንድ ሴንት ሳንቲሞቹ ማለት ነው፣ ዓመተ ምህረታቸው በባዶ ዓይን ሁለት ሆኖ እየታየ ወጡ። ጉድለቱ ሲታወቅ ከ20,000 የማያንሱት ከደህናዎቹ ጋር ተቀላቅለው ነበር። ሁሉንም አንድ ላይ ማቅለጥ ይቻል ነበር። የፋብሪካው ኃላፊዎች ግን ለፔኒ ብለው ያን ሁሉ ሥራ ማፍረስ አልፈለጉም፤ ለቀቁት።

የተለቀቁት ከሄዱባቸው መንገዶች አንዱ የሲጋራ ፓኬት ነው። በዚያን ጊዜ የሲጋራ መሸጫ ማሽን 25 ሴንት ይቀበል ነበር፤ ሲጋራው 23 ሴንት ነው። ማሽኑ መልስ መስጠት ስለማይችል ሁለት አዳዲስ ፔኒዎች ፓኬቱ ላይ ባለው ስስ ላስቲክ ውስጥ ተደርገው ይሸጡ ነበር። ብልሁ አጫሽ ላስቲኩን ቀዶ ፔኒዎቹን አመድ መተርኮሻው አጠገብ ትቷቸው ሄደ። ሞኙ ግን በማሳቹሴትስና በሰሜናዊው ኒው ዮርክ ከተሞች ሁለቱን ፔኒዎች አፍጥጦ ተመለከተና ፊደሉ ለምን ድርብ ሆነ ብሎ ጠየቀ። ዛሬ ያቺ ፔኒ በደህና ይዞታ ላይ ከተገኘች ከ1,000 ዶላር በላይ ታወጣለች። ኃላፊዎቹ ያን ዕለት ጥንቁቆች ቢሆኑ ኖሮ ይህ ሁሉ ቀልጦ የውሃ ቧንቧ ይሆን ነበር።

ከዚህ የሚበልጥ ሞኝነት ያሳየው ግን አንድ የ16 ዓመት ልጅ ነው። በ1943 መዳብ ለጦርነቱ ስለተፈለገ የአሜሪካ ፔኒ ዚንክ ከተቀባ ብረት ይመታ ጀመር፤ ነጭ ሆነ። ጥቂት ገና ያልተመቱ የመዳብ ጥፍጥፎች ግን ካለፈው ዓመት ተርፈው በማጓጓዣ ሣጥኖች ስንጥቅ ውስጥ ተሰክተው ቀርተው ነበር፤ እነሱም ወድቀው ከብረቶቹ ጋር ተመቱ። በ1947 በማሳቹሴትስ ግዛት በፒትስፊልድ ከተማ ልጁ በትምህርት ቤቱ ካፌ ከተመለሰለት ዝርዝር ውስጥ ቀይዋን የ1943 ፔኒ አገኘ። ለገንዘብ ሚኒስቴሩ ጻፈ። ሚኒስቴሩም በ1943 የተመታ የመዳብ ፔኒ የለም፣ ሁሉም የብረት ነው ብሎ መለሰለት። የሚያስብ ሰው ቢሆን መንግሥት ራሱ የመታውን ሳንቲም ከእኔ በላይ ያውቃል ይልና ፔኒዋን ማስቲካ ይገዛባታል። ልጁ አስቀመጣት። ዕድሜውን ሙሉ አስቀመጣት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እንዲህ ያለ አለመልቀቅ ካለ እሰየው ነው። እሱ ካረፈ በኋላ በጥር 2019 ፔኒዋ በጨረታ 204,000 ዶላር ተሸጠች። የሚኒስቴሩ ደብዳቤ በወረቀት ላይ ያለውን እውነት ተናግሯል፤ ልጁ ግን እጁ ላይ ያለውን አመነ።

እዚህ ላይ ነው የሞኝነት እውነተኛ ጥቅም የሚጀምረው። የ1943 የመዳብ ፔኒ አለ የሚለውን ወሬ የሰማ ሁሉ መፈለግ ጀመረ፤ ያላገኘም ሠራ። የብረቱን ፔኒ መዳብ ቀባው፤ ወይም የ1948ን ፔኒ ወስዶ የ8ን ግራ ጎን ፋቀና 3 አደረገው። ይህ ሞኝነት አይደለም፤ ይህ ብልጠት ነው። ብልጠትን ያሸነፈው ማን መሰላችሁ? ማግኔት ይዞ የሚዞረው ሞኝ ነው። መዳብ የተቀባ ብረት ማግኔት ላይ ልጥፍ ይላል፤ እውነተኛው መዳብ ንቅንቅ አይልም። ሚዛንም አለ፤ የብረቱ 2.7 ግራም፣ የመዳቡ 3.11 ግራም ነው። የተፋቀውን 8 ደግሞ የሚያጋልጠው የ3 ጭራ ነው፤ በ1943 ፔኒ ላይ የ3 ጭራ ረዝሞ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከ8 የተሠራ 3 ይህ ጭራ ከየት ይመጣለታል? ይህን ለማወቅ አንድ ሰው በሺህ የሚቆጠሩ ሦስቶችን ተመልክቶ መሆን አለበት። ሥራ ያለው ሰው እንዲህ አያደርግም።

አሁን ወደ ፓርኪንጉ እንግባ፤ የብዙዎቻችን ተስፋ ያለው እዚያ ነውና። ወጣቱ ሠራተኛ ከመኪና ጎማ ሥር ያነሳውን ፔኒ ይዞ ወደ ጋሼ ይሮጣል። ጋሼ ከድንኳኗ ውስጥ ተቀምጠው ዝርዝር በወረቀት ይጠቀልላሉ።

«ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ይዩልኝ! ፊቱ ላይ ሌላ ፊት አለ።»

ጋሼ መነጽራቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። «ይሄ ፊት አይደለም፤ ጠጠር ነው የረገጠው።»

«እንዴት አወቁ?»

«ጉድጓዱን እየው። ዙሪያውን ጉብ ብሎ ብረት ቆሟል። ጠጠሩ ሲገባ ብረቱ ወዴት ይሂድ? ወደ ጎን ወጣ። ፋብሪካ እንዲህ አያደርግም።»

ይህች የጋሼ ምርመራ ከብዙ መጽሐፍ ትበልጣለች። ሳንቲም በሦስት ቦታ ብቻ ነው ከፋብሪካ ስህተት ጋር የሚወለደው፤ ገና ሳይመታ በጥፍጥፉ ላይ፣ በማተሚያው ላይ፣ ወይም በምቱ ጊዜ። ከዚያ በኋላ የሚደርስበት ሁሉ የኑሮ ነው። ከእናቱ ሆድ ይዞት የወጣውን ምልክትና መንገድ ላይ ወድቆ ያገኘውን ጠባሳ መለየት፣ ጠቅላላው ጥበብ ይኸው ነው። ማተሚያው ከተሰነጠቀ ብረት ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ይሞላዋል፤ ስለዚህ ሳንቲሙ ላይ የሚታየው መስመር ከፍ ብሎ የቆመ ነው። በምስማር የተጫረ ግን ወደ ውስጥ የገባ ነው፤ ከግራና ከቀኝም የተገፋ ብረት ይታያል። ይህ ሕግ ሁልጊዜ እንደማይበቃም ሞኙ ያውቃል። በምቱ ጊዜ ክር ወይም የብረት ቁርጥራጭ በመሀል ከገባ ሳንቲሙ ላይ የሚቀረው ጎድጓዳ ነው፤ ግን ዙሪያው ንጹሕ ነው፣ የተገፋ ብረት አይቆምበትም። ማተሚያው ውስጥ ቅባት ሲጠራቀም ደግሞ ፊደል ይጠፋል ወይም ይደበዝዛል፤ ይህ እውነተኛ የፋብሪካ ስህተት ነው፣ ዋጋው ግን ብዙ አይደለም።

ፔኒ ከ1982 ወዲህ ሞኝን የሚፈትነው በሌላ መንገድ ነው። ከዚያ ዓመት አጋማሽ ጀምሮ 97.5 በመቶው ዚንክ ሆኖ ላዩን ብቻ ስስ መዳብ ይለበሳል፤ ክብደቱ 2.5 ግራም ነው። ይህ ስስ ልብስ ሲላጥ፣ ጨውና ውሃ ወደ ዚንኩ ሲደርሱ፣ ዚንኩ ይበሰብሳል፣ ያብጣል፣ ከመዳቡ ሥር እንደ እብጠት ይወጣል። ክረምት ላይ በረዶ ለማቅለጥ ጨው በሚረጭበት አገር መንገድ ላይ የከረመ ፔኒ የሊንከን ጉንጭ ላይ እብጠት፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ዱቄት ይዞ ይገኛል። ብዙ ሰው ይህን ፋብሪካ የጨመረው ሥዕል ነው ብሎ ይይዛል። እብጠቱን በጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት ጫን ማለት ይበቃል፤ ሥሩ ባዶ ከሆነ ይሰረጉዳል። ይህን ፈተና የምመክረው ግን ፔኒዋ ዋጋ እንደሌላት አስቀድሞ ለሚያምን ሰው ብቻ ነው።

ድርቡም ፊደል ሁሉ የ1955 ዘመድ አይደለም። በምቱ መጨረሻ ማተሚያው ላልቶ ሲንቀሳቀስ ፊደሉን ይደፈጥጠዋል፤ ከፊደሉ ጎን ጠፍጣፋ፣ እንደ መደርደሪያ ያለ ደረጃ ይቀራል፤ ፊደሉም ይቀጥናል። እውነተኛው ድርብ ማተሚያ ግን ፊደሉን ያሰፋዋል፤ ሁለቱም ፊደላት ሙሉና ክብ ገጽታ አላቸው፤ በፊደሉ ጫፎችም ሁለቱ የሚለያዩበት ትንሽ ሰርጥ ይታያል። የመጀመሪያው የፊት ዋጋውን ያወጣል፤ ሁለተኛው ቤት ያስጠግናል። ልዩነታቸው የጠጉር ያህል ነው፤ ለዚህም ነው ሞኙ አጉሊ መነጽሩን የማይለየው።

ባለ ሃያ አምስት ሴንቱ ኳርተር ደግሞ ሌላ ፈተና አለው። ውጪው በሁለቱም ወገን መዳብና ኒክል የተቀላቀለበት ነጭ ብረት ነው፤ ውስጡ ንጹሕ መዳብ ነው። አንዳንዴ ፋብሪካው ውስጥ አንዱ ነጭ ሽፋን ሳይለጠፍ ይቀርና ሳንቲሙ በአንድ በኩል ቀይ ሆኖ ይመታል፤ ይህ ተፈላጊ ነው። አፈር ውስጥ የከረመ ኳርተርም እንዲሁ ቡናማ ይሆናል፤ ይህ የሚፈለግ አይደለም። ዓይን እዚህ ይሸነፋል፤ የሚፈርደው ሚዛን ነው። ደህናው ኳርተር 5.67 ግራም ነው፤ ሽፋኑ የጎደለው አንድ ግራም ገደማ ይቀላል። አፈር የጠቆረው ግን ክብደቱን እንደያዘ ነው። ጠርዙም ይመሰክራል፤ ደህናው ላይ ቀዩ መስመር በሁለት ነጭ መሀል ነው፣ ሽፋኑ የጎደለው ላይ ነጩ በአንድ ወገን ብቻ ነው። ሚዛን ገዝቶ ሃያ አምስት ሴንት የሚመዝን ሰው አለ ብላችሁ ከተገረማችሁ፣ እኔ የምኮራበት ሰው እሱ ነው።

ጠርዙ የተነከሰ ሳንቲም ሲመጣ ሞኝነት ከሁሉ ይልቅ ያበራል። ፋብሪካው ክብ ጥፍጥፎቹን ከረጅም ብረት ሲቆርጥ መቁረጫው አስቀድሞ በተቆረጠ ቀዳዳ ላይ ካረፈ፣ ጥፍጥፉ አንድ ጎኑ የተነከሰ ሆኖ ይወጣል። ቀጥሎ ጥፍጥፉ ጠርዙን ከፍ በሚያደርግለት ማሽን ሲያልፍ፣ የተነከሰው ጎን ማሽኑን ስለማይነካ ከእሱ ትይዩ ያለው ወገንም ግፊት አያገኝም። ስለዚህ በእውነተኛው ላይ፣ ከንክሻው በተቃራኒ በኩል፣ ጠርዙ ይሳሳል ወይም ይጠፋል። ሰብሳቢዎች የብሌክስሊ ምልክት ይሉታል። ሞረድ ወይም መቀስ የነካው ሳንቲም ይህ የለውም፤ በመቀስ የቆረጠው ሰው ቆረጣውን አሳምሮ ነው የጨረሰው፤ ተቃራኒው ወገን ምን መምሰል እንዳለበት ግን ፈጽሞ አላሰበም። ማንም ያልነካውን ወገን ማየት የሚማረው ሰው ሲያደንቅ ቆይቶ ነው።

የልብስ ማድረቂያውን ደግሞ አልፌው ልሄድ አልችልም፤ ብዙ ሰው ልቡ የሚሰበረው በእሱ ነው። በማድረቂያው ከበሮና በግድግዳው መሀል የተሰካ ሳንቲም ወራት ሙሉ ሲሽከረከር ይኖራል። ጠርዙ ወደ ውስጥ እየተጠቀለለ ይወፍራል፤ ስፋቱ ይጠባል፤ ፊደላቱ ወደ ጠርዙ ተጠግተው ይጋረዳሉ። የሚያየው ሰው «በትንሽ ጥፍጥፍ ላይ ተመትቶ ነው» ይላል። ሲመዘን ክብደቱ ሙሉ ነው ለማለት ይቻላል። ጥፍጥፉ ትንሽ ከነበረ ክብደቱ ከየት መጣ? ፋብሪካ አልሳተም፤ ኪስ ሳይፈተሽ የታጠበ ሱሪ ነው።

ከዚህ በታች ሆን ብለው የሚሠሩት ይመጣሉ። ሁለት ሳንቲሞችን ፊት ለፊት አጣብቆ ሞርሳ ውስጥ አስገብቶ የሚያጠብቅ አለ፤ በአንዱ ላይ የሌላው ሥዕል ተገልብጦ፣ ወደ ውስጥ ገብቶ ይታተማል። እውነተኛው የፋብሪካ ጉድለት ሲሆን የተገለበጠው ሥዕል ጥርት ብሎ ሙሉ ገጹን ይይዛል፤ የሞርሳው ሥራ ግን የራሱን ሥዕል ደፍጥጦ በላዩ ላይ ደካማ የሌላ ጥላ ይተዋል። ሁለት ፊት ያለው ሳንቲም ደግሞ ለአስማተኞች ይሠራል፤ አንዱ ሳንቲም ተቦርቡሮ ሌላው ውስጡ ይገባል፣ ከጠርዙ ውስጥ በኩል ስስ ስፌት ይቀራል።

ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን ባለሦስት እግሩ ጎሽ ነው። በ1937 በዴንቨር ፋብሪካ አንድ ሠራተኛ የተጎዳ ማተሚያ ሲያጸዳ አብዝቶ አሽቶ ጎሹን አንዱን የፊት እግሩን አጠፋው። ባለ አምስት ሴንቱ ኒክል ባለሦስት እግር ጎሽ ይዞ ወጣ። ብልጦችም ወዲያው ሞረዳቸውን አንስተው ደህናውን ጎሽ እግሩን ፋቁለት። እግር ማጥፋት ምን ያቅታል? ነገር ግን በእውነተኛው ላይ ማሸቱ ከእግሩ በላይ ብዙ ነገር ለውጧል፤ የኋላው እግር ተበልቶ እንዳረጀ ሆኗል፤ ከጎሹ ሆድ ሥርም ወደ መሬት የሚወርዱ ከፍ ያሉ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ተደርድረዋል። ሞረዱ ብረት ሊያጠፋ ይችላል፤ ከፍ ያለ ነጠብጣብ ግን ሊፈጥር አይችልም። ብልጡ የጎደለውን እግር ብቻ አየ። ሞኙ ጎሹን በሙሉ ያውቀዋል፤ ጭራውን፣ ሆዱን፣ የቆመበትን መሬት ሳይቀር። የብልጥ እውቀት እስከሚፈልገው ድረስ ብቻ ነው የሚሄደው፤ የሚወድ ሰው ግን ማቆሚያ የለውም።

ይህ ዓይን ለእኛ እንግዳ አይደለም። አያቶቻችን ጠገራ ብር ሲቀበሉ የማሪያ ቴሬዛን አክሊልና የትከሻዋን ጌጥ ነጠብጣብ በጣታቸው ይዳብሱ፣ ከምስሏ ሥር ያሉት ፊደላት ጎልተው መታየታቸውን ያዩ ነበር። ንግሥቲቱ በ1780 ከሞተች በኋላ ያ ብር በዚያው ዓመተ ምህረት በብዙ አገር ተመትቷል፤ ጣሊያንም ከ1935 ጀምሮ በሮም ይመታው ነበር። ነጠብጣቡ ያልጎላውን ብር ነጋዴዎች እምቢ ሲሉ ያዩ አውሮፓውያን ብሩ ብር እስከሆነ ድረስ ነጠብጣቡ ምን ያደርጋል እያሉ ይገረሙ ነበር። እኔ ከነጋዴዎቹ ጋር ነኝ። ባንክ በሌለበት ገበያ ያ ነጠብጣብ ፊርማ ነበር፤ የሚያነበውም ጣት ነበር።

የአሜሪካ ፔኒ ለዝውውር መመታቱ በህዳር 2025 በዚያችው በፊላደልፊያ አብቅቷል። አንዷን ለመሥራት 3.69 ሴንት ይፈጅ ነበር፤ ብልሆች ስሌቱን ሠርተው አቆሙት፤ ስሌታቸውም ልክ ነው። የተመቱት ግን አልጠፉም፤ በማሰሮ፣ በመኪና መቀመጫ ሥር፣ በመሳቢያ ውስጥ ተኝተዋል፤ ብዙ ሰው አሁን አውጥቶ ሊያገላብጣቸው ተነስቷል።

ለዚያ ሰው የምለው አለኝ። ያገኘኸውን አትጠበው፤ በሎሚ፣ በኮምጣጤ፣ በጥርስ ሳሙና አታሽው፤ የታሸ ሳንቲም እውነተኛ ስህተት ቢሆን እንኳ ዋጋው ይወድቃል። ጠርዙን ይዘህ አንሳው። መጀመሪያ ማግኔት፣ ቀጥሎ ሚዛን፣ ከዚያ አጉሊ መነጽር። ካመንክ በኋላ ለሚመረምር ድርጅት ልትልከው ትችላለህ፤ ግን አስቀድመህ ክፍያውን ጠይቅ፣ ብዙ ጊዜ ምርመራው ከሳንቲሙ ይበልጣልና። ጠጠር የረገጠው ሆኖ ከተገኘም አትጣለው፤ ከደህናው ጋር ጎን ለጎን አስቀምጠው፣ ነገ ለሚመጣው ወጣት የምታሳየው እሱን ነው።